ኬሚካል ስትረጩ ጎረቤት ማሳ እንዳይገባባችሁ ነፋሱን ብቻ አትዩ

ከጎንደር ወደ ቆላ ድባ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አዘዞን ካለፋችሁ በኋላ ሜዳው ይዘረጋል፣ ነሐሴ ላይ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፣ መሃል መሃል ላይ በርበሬ አለ፣ ኑግ አለ፣ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ሽምብራው ይገባል። ማሳው ትንንሽ ነው፣ የአንዱን መሬት ካንዱ የሚለየው አንድ እርምጃ የማትሞላ የድንበር ሳር ናት። እኔ ያደግሁት እዛ ነው፣ አሁንም ክረምት በመጣ ቁጥር መርጫ ተሸክሜ ለራሳችንም ለሰውም እረጫለሁ። ይሄን የምጽፈው ኬሚካሉ ጎረቤት ሲደርስ ሁሉም ሰው "ነፋስ ወሰደው" ብሎ ስለሚያልፈው ነው፣ ነፋስማ ይወስዳል፣ ግን የሚወሰድ ነገር አዘጋጅቶ የሰጠው ረጪው ነው።

መጀመሪያ እኔ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አስራ ዘጠኝ አመቴ ነበር፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባዬ አንዱን ጥማድ ጤፍ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድሃኒት እንድረጭለት አዘዘኝ፣ እኔም ጎበዝ ለመባል ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማሳ ደረስኩ። ያን ሌሊት ዝናብ አልነበረም፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው ያደረው፣ ሳሩ ጤዛ ነው፣ ወደ ጣና በኩል ጉም ተኝቷል፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። እንዲህ አይነት ሰዓት ከየት ይገኛል ብዬ ደስ አለኝ፣ በደንብ እየመታሁ እየረጨሁ ጨረስኩና ቤት ገባሁ። ከኛ ማሳ ዝቅ ብሎ የአንዲት እናት በርበሬ ነበር። በሦስተኛው ቀን የበርበሬው ቅጠል መቆልመም ጀመረ፣ ለጋው ጫፍ እየተጣመመ ወደ ታች ጎበጠ፣ አበባው ረገፈ። እሷም አባዬ ዘንድ መጥታ ምንም ሳትጮህ "ና እስቲ እየው" ብቻ አለችው። ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ከፈልን፣ በርበሬው ግን አልተመለሰም። እኔን እስከዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ተንኮል ወይም ግዴለሽነት አለመሆኑ ነው፣ ተጠንቅቄ መርጬ የሄድኩበት ሰዓት ነው ያጠፋት።

እንዴት ሆነ? ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ይለቅና ይቀዘቅዛል፣ መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እታች ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ደግሞ ከላይ እንደ ክዳን ይጋረድበታል። ያኔ የምትረጩት ደቃቁ ብናኝ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፣ ወደ መሬትም ቶሎ አይወርድም፣ እታች እንደ ጉም ተንጠልጥሎ ይቆይና መሬቱ ወደሚያዘነብልበት ቀስ እያለ ይፈስሳል፣ ውሃ ወደ ቆላው እንደሚወርደው ማለት ነው። የሷ በርበሬ ከኛ ዝቅ ብሎ ነበር አላልኳችሁም? በቃ ሄዶ የተኛው እዛ ነው። ስለዚህ ድብን ያለ ፀጥታ ለርጭት ጥሩ ሰዓት አይደለም፣ እንደውም ከለስላሳ ነፋስ ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈራው፣ ምክንያቱም ነፋስ ካለ ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ይሄን ለማወቅ መሳሪያ አያስፈልግም። ጠዋት የጎጆውን ጭስ እዩት። ጭሱ ወደ ላይ እየወጣ የሚበተን ከሆነ አየሩ እየተቀላቀለ ነው፣ ጭሱ ትንሽ ወጥቶ ከጣሪያው በላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ከተኛ ግን አትርጩ፣ ቁጭ ብላችሁ ቁርሳችሁን ብሉ። ጤዛው ካልረገፈ፣ ጉሙ ካልተነሳ እንደዛው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባጠቃላይ አንድ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነው፣ እኔ አሁን ከ2 ሰዓት በፊት መርጫ አላነሳም፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው የምሰራው፣ ከዛ በኋላ ነፋሱ እየበረታ ፀሐዩም እየከረረ ይሄዳል።

አሁን ስለ ጠብታው። አውድማ ላይ እህል ያዘራ ሰው ይሄን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። በላይዳ ወደ ላይ ስትበትኑት ፍሬው እግራችሁ ስር ይወድቃል፣ ገለባው ትንሽ ራቅ ይላል፣ እብቁ ደግሞ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ነፋሱ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ክብደቱ ነው። ርጭትም እንደዛው ነው፣ ከመርጫው ጫፍ የሚወጣው ውሃ አንድ አይነት ጠብታ አይደለም፣ ፍሬም አለው እብቅም አለው። አውድማ ላይ እብቁ እንዲሄድ ነው የምንፈልገው፣ እዚህ ጋ ግን ስራችን እብቅ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። የጠብታ ስፋት የሚለካው በማይክሮን ነው፣ አንድ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ነው፣ 100 ማይክሮን ማለት እንግዲህ ወፈር ያለች የሰው ፀጉር ያህል ነው። ከ3 ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ነፋስ ብትለቁት፣ የ400 ማይክሮን ጠብታ 2 ሰከንድ አካባቢ ፈጅቶ 3 ሜትር ሳይሞላ ይወድቃል፣ የ100 ማይክሮኑ 10 ሰከንድ ያህል ይንሳፈፍና ወደ 13 ሜትር ይሄዳል፣ የ20 ማይክሮኑ ግን 4 ደቂቃ አየር ላይ ቆይቶ ከ300 ሜትር በላይ ይጓዛል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እኮ ሰው ፈጠን ብሎ ሲሄድ ማለት ነው፣ ነፋስ ተብሎም አይጠራም። በነፋስ የሚቸገሩት በተለይ ከ150 ማይክሮን በታች ያሉት ናቸው። ደግሞ አየሩ ደረቅና ሞቃት ከሆነ ጠብታዋ እየወረደች ውሃዋ ይተንባታል፣ እያነሰች ትሄዳለች። ሌላም አለ፣ ስፋቷ በእጥፍ ሲያድግ የምትይዘው ውሃ 8 እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ጠብታውን ትንሽ ማወፈር ለውጡ ትንሽ አይደለም።

እና ጠብታውን የሚያደቅቀው ምንድነው? አንደኛው ግፊት ነው። ብዙ ልጆች መርጫ ሲይዙ የፓምፑን እጀታ እንደ ጉድ ይመቱታል፣ ጢስ ጢስ የሚል ሲወጣ "ጥሩ እየሸፈነ ነው" ይላሉ፣ ያ ጢስ የሚመስለው እኮ እብቁ ነው። ለፀረ አረም ከ1 እስከ 1.5 ባር ግፊት ይበቃል፣ ግፊት መለኪያ የሌለው መርጫ ከሆነ ደግሞ (አብዛኛው የኛ እንደዛ ነው) እጀታውን ረጋ ብላችሁ ከእርምጃችሁ ጋር እኩል እኩል ምቱት፣ በየሁለት እርምጃው አንድ ምት ምናምን፣ የሚወጣው ውሃ ቅርጹን ሳያጣ፣ ሳይንጠባጠብ፣ ጢስ ሳይሰራ የሚወጣበትን ቦታ በንጹህ ውሃ ሞክራችሁ እጃችሁን አስለምዱት። ቶሎ ለመጨረስ ብላችሁ ግፊት መጨመር እንደማያዋጣም እወቁ፣ የሚወጣውን ውሃ በእጥፍ ለማሳደግ ግፊቱ 4 እጥፍ መሆን አለበት፣ ድካሙ ለናንተ ብናኙ ለጎረቤት ነው። በባትሪ የሚሰራው መርጫ ከሆነ ያላችሁ ማስተካከያው ዝቅተኛው ላይ ይሁን። በጀርባ የሚታዘለው ሞተር መርጫ፣ ያ በአየር የሚነፋው፣ እሱ የተሰራው ደቃቅ ጉም ለማውጣት ነው፣ ጠብታው ከ50 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ በሱ ፀረ አረም መርጨት በፍጹም አይገባም፣ ሰው ስራ ስለሚያቀልለት ሲጠቀምበት አያለሁና ልቤ ይደነግጣል።

ሁለተኛው ኖዝሉ ነው፣ የመርጫው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ነገር። ስለ ኬሚካሉ ዋጋ ቀኑን ሙሉ ሲከራከር የሚውል ሰው ስለዚች ጫፍ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። መርጫው ሲገዛ ብዙ ጊዜ አብራ የምትመጣው ሆሎው ኮን የምትባለው ናት፣ ውሃውን እንደ ቀለበት መሃሉ ባዶ አድርጋ የምታወጣዋ፣ ደቃቅ ጠብታ ነው የምታወጣው፣ የተሰራችውም ለነፍሳትና ለበሽታ መድሃኒት ነው፣ ቅጠል ውስጥ ለውስጥ እንዲገባ። እኛ ግን በሷው ቱ ፎር ዲውንም ግላይፎሴቱንም እንረጫለን። ለአረም የሚያስፈልገው ፍላት ፋን የምትባለው፣ ውሃውን እንደ ማራገቢያ ጠፍጣፋ አድርጋ የምታወጣው ናት፣ ወይም ደግሞ ዲፍሌክተር የሚሏት፣ ውሃው ገጭቶ ሰፋ ብሎ የሚወጣባት፣ በዝቅተኛ ግፊት ወፈር ያለ ጠብታ የምትሰጠው። ከነዚህም የሚሻለው ኤር ኢንዳክሽን የሚባለው አየር እየሳበ ጠብታውን የሚያወፍረው ነው፣ ግን እሱ ጠንከር ያለ ግፊት ስለሚፈልግ በእጅ መርጫ ላይ አይመችም፣ ለትራክተር ነው የሚሆነው።

ኖዝል ስትገዙ ቀለሟን እዩ፣ ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። በአለም አቀፉ ስታንዳርድ ብርቱካናማዋ በ3 ባር ግፊት በደቂቃ 0.4 ሊትር ታወጣለች፣ ቢጫዋ 0.8፣ ሰማያዊዋ 1.2። ቀዳዳዋ ሰፋ ስትል ጠብታውም ወፈር ይላል፣ ስለዚህ ለፀረ አረም ከብርቱካናማዋ ይልቅ ቢጫዋን ወይም ሰማያዊዋን እመርጣለሁ። ስትደፈን ደግሞ በእሾህና በሽቦ አትጎርጉሯት፣ ቀዳዳዋ ይበላሽና አንድ ጎን ወፍራም አንድ ጎን ብናኝ ታወጣለች፣ በአፋችሁም አትንፉ እባካችሁ፣ ይሄን ስንቱ ጎበዝ ነው የሚያደርገው፣ መርዝ አፉ ውስጥ እያስገባ እኮ ነው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ውሃ ይበቃል። አዲስ ሆና በደቂቃ ስንት ታወጣ እንደነበር ለክታችሁ ጻፉት፣ ከዛ 10 በመቶ በላይ ከጨመረች ተበልታለችና ቀይሯት።

ለሁሉም ኬሚካል ግን ወፍራም ጠብታ ይሁን አላልኩም። ቱ ፎር ዲና ግላይፎሴት ተክሉ ውስጥ ገብተው የሚሰራጩ ስለሆኑ በወፈረ ጠብታም በደንብ ይሰራሉ። ሽንኩርት ላይ እንደ ማንኮዜብ ያለ የሻጋታ መድሃኒት ስትረጩ ግን መድሃኒቱ ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው የሚከላከለው፣ ስለዚህ ሽፋን ያስፈልጋል፣ ጠብታውም መካከለኛ መሆን አለበት። እንደዛ ሲሆን በጠብታው ያልተጠነቀቃችሁትን በከፍታና በሰዓት መካስ ነው።

ከፍታ ስል ቀላሉ ነገር ነው፣ ግን ሲደክመን የምንረሳው። ኖዝሉ ከሰብሉ ጫፍ በላይ 50 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ክንድ ማለት ነው፣ ከዛ በላይ አይነሳ። ዘንጉን ትከሻ ድረስ አንስቶ ቀኝና ግራ እያወዛወዙ መርጨት ስፋት የሚሸፍን ይመስላል፣ ነገር ግን ነፋሱ ከመሬት ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይበረታል፣ ጠብታውም ለመውደቅ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ሽፋኑም ዝብርቅርቅ ነው የሚሆነው። ዘንጉን በአንድ ከፍታ ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ጓደኛዬ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ክንድ የምታህል ገመድ አስሮ ጫፏ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አንጠልጥሏል፣ ቋጠሮዋ የጤፉን ጫፍ ካልነካች ከፍ አድርጎታል ማለት ነው፣ እኔም ወስጄበታለሁ።

ነፋስን ስለመለካት። ድንበሩ ላይ እንጨት ተክላችሁ ከፌስታል አንድ ጣት የምታህል ስንጥር እሰሩበት። ዝም ብላ ተንጠልጥላ ከቀረች ጠብቁ፣ ፀጥታው የቅድሙ አይነት ሊሆን ይችላል። እየተነሳች እየወደቀች አቅጣጫዋን ካሳየቻችሁ፣ ፊታችሁ ላይ ነፋሱ ከተሰማችሁ፣ ቅጠል ኮሽ ኮሽ ካለ፣ እሱ ነው ጥሩው፣ በሰዓት ከ3 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ናችሁ። ሙሉ ለሙሉ ተዘርግታ ከቆመች፣ ቅርንጫፎች ሳያርፉ የሚወዛወዙ ከሆነ፣ ከመንገዱ አቧራ ከተነሳ አቁሙ፣ የመርጫው ጋን ግማሽ ቢሆንም አቁሙ። አንድ ሰዓት ብትጠብቁ ኬሚካሉ አይበላሽም።

ሐይቁ አጠገብ ላላችሁ፣ ለጎርጎራ አካባቢም ለፎገራም ማለቴ ነው፣ ሌላ ነገር ጨምራችሁ አስቡ። ቀን ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከጣና ወደ መሬቱ ይመጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይገለበጥና ከመሬቱ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። እና ጠዋት ስትጀምሩ የነበረው አቅጣጫ እስከ ምሳ ሰዓት ላይቆይ ይችላል፣ ፌስታሏን በየጋኑ ማየት ነው። አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ዳር የምትረጩት ወደ ውሃው ነው የሚሄደው፣ ካራቴን የመሰሉት የነፍሳት መድሃኒቶች ደግሞ ለአሳ በጣም አደገኛ ናቸው፣ በጥቂቱም ይገድላሉ። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራ ዳር በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የምታለሙትም እንደዛው፣ ውሃው ታች ላለው ሰው የመጠጥ ውሃ ነው።

አሁን አቅጣጫውን ካወቃችሁ አካሄዳችሁ እንዲህ ይሁን፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጫፍ ሂዱና ከዛ ጀምሩ፣ ነፋሱን በጎናችሁ አድርጋችሁ እየተመላለሳችሁ ወደሚመጣበት በኩል እየቀረባችሁ ሂዱ። እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ የቆማችሁበት ቦታ ገና ያልተረጨ ነው፣ ብናኙም ከናንተ ይርቃል እንጂ አይቀበላችሁም። ብዙ ሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ወይም ጀርባውን ሰጥቶ ይረጫል፣ ፊት ለፊት ከሆነ ራሱ ይጠጣዋል፣ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ወደ ገዛ ጉሙ ውስጥ ነው የሚገባው። ነጠላ ወይም ፎጣ አፍ ላይ መጠምጠምም አትመኑበት፣ ከረጠበ በኋላ መድሃኒቱን ይዞ አፍንጫችሁ ላይ የሚያስቀምጥ ጨርቅ ነው የሚሆነው።

ጎረቤት ያለበት ድንበር ላይ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ? የውጭ ሰዎች ከድንበሩ ይህን ያህል ሜትር ተዉ ይላሉ፣ እኛ ጋ ማሳው ራሱ ሩብ ሄክታር ነው፣ ያን ያህል ትቶ ማን ይኖራል፣ ገባኝ። እኔ የማደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወደ ጎረቤት የሚያዘነብለውን ጠርዝ ነፋሱ ከሱ ወደ እኔ በሚመጣበት ሌላ ቀን እረጨዋለሁ፣ ማሳ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት የሚል ህግ የለም። ሁለተኛ፣ ጎን ያለው በርበሬ ወይም ቲማቲም ወይም ሽምብራ ከሆነና ኬሚካሉ ቱ ፎር ዲ ከሆነ፣ የመጨረሻውን አምስት እርምጃ በእጅ አረማለሁ፣ የአንድ ቀን ስራ ነው። ቱ ፎር ዲ ሳርነት ያለውን ጤፉንና ስንዴውን ይተዋል እንጂ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ነው የሚመታው፣ ቲማቲምና ጥጥ ደግሞ በጣም ጥቂቱ እንኳ ያጠፋቸዋል፣ ስለዚህ መተማና ቋራ በኩል ማሽላችሁን የምትረጩ ጎናችሁ ጥጥ ካለ ከሁላችንም በላይ ተጠንቀቁ፣ ሙቀቱም እዛ ከ30 ዲግሪ በላይ ቶሎ ስለሚወጣ የመርጫ ሰዓታችሁ ከኛ ያጠረ ነው። የመድሃኒቱ እቃ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም አንብቡ፣ ኤስተር የሚል ከሆነ ከተረጨ በኋላ እንኳ በሙቀት ተንኖ ይሄዳል፣ በማግስቱ ነፋስ ሲቀየር ጎረቤት ሊደርስ ይችላል፣ አሚን የሚለው ይሻላል። ለዚህ ነው በሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጠውን አትግዙ የምለው፣ ጽሑፍ የሌለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚጨመር፣ ምን እንደሚገድል በምን ታውቃላችሁ? የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣውም መድሃኒት ተመዝግቦ ምንነቱ ታውቆ እንዲሸጥ ነው።

ንብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ምክሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። ንብ የምትሰማራው ቀን ነው፣ ስለዚህ ባለቀፎው "ማታ ርጩልን" ይላል፣ ትክክል ነው፣ ማታ ደግሞ ቅድም ያልኩት ቀዝቃዛ አየር መተኛት ይጀምራል። ያገኘሁት መፍትሄ ይሄ ነው፣ የነፍሳት መድሃኒት ከሆነ አበባ ላይ ያለ ሰብል ላይ ጨርሶ አለመርጨት፣ መስከረም ላይ ኑጉና አደይ አበባው በፈነዳበት ሰሞን በተለይ። ግድ ከሆነ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ንቧ እየተመለሰች ነፋሱ ገና ሳይሞት፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትቃረብ አቁሙ። ካንድ ቀን በፊት ደግሞ ለባለቀፎው ንገሩት፣ እሱም ቀፎውን ይሸፍናል ወይም ያነሳል። ጉዳዩ አበባችሁ ላይ ብቻም አይደለም፣ ድንበር ላይ ያለው የሜዳ አበባም ብናኙን ይቀበላል፣ ንቧም ከዛ ትቀስማለች።

መንገር ስል፣ ይሄ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው ግን የምናፍርበት ይመስለኛል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወይም ገበያ ላይ "አያ እገሌ፣ ማክሰኞ ጠዋት ያችን ጤፍ ልረጫት ነው፣ በርበሬህ እንዴት ነው፣ ከብት ወደዛ እንዳይሄድብህ" ማለት ነው። ከብት የድንበር ሳር ይበላል፣ እረኛ ልጆች እዛው ይውላሉ፣ ሽሮ ላይ የሚገባ በርበሬ ለምርት ተቃርቦ ይሆናል፣ እናንተ አታውቁም እሱ ያውቃል።

መጠኑንም አስተካክሉ፣ ኖዝል ከቀየራችሁ ወይም ግፊት ከቀነሳችሁ የድሮው ልክ አይሰራም። 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ለኩና በንጹህ ውሃ እንደምትረጩት አድርጋችሁ ርጩ፣ የጠፋውን ውሃ ለኩ። 2 ሊትር ከሆነ የጠፋው በሄክታር 200 ሊትር ነው፣ በጥማድ (ሩብ ሄክታር) 50 ሊትር ማለት ነው፣ በ16 ሊትሩ ጋን ሦስት ጋን ከትንሽ በላይ። ከዛ ጽሑፉ ላይ በሄክታር ስንት እንደሚል አይታችሁ ሩቡን ብቻ ለጥማዱ ትወስዳላችሁ፣ እሱን ለሦስቱ ጋንና ለትርፏ በውሃው ልክ ታካፍሉታላችሁ። በቆርኪ "ለጋን አምስት ቆርኪ" የሚባለው ነገር ማንም ለክቶት አያውቅም። የሳሙና ዱቄት መጨመርም ይቅር፣ ጽሑፉ ካላዘዘ በቀር፣ ሳሙና ውሃውን ስለሚያላላው ጠብታው ይበልጥ ይደቃል።

ይሄን ሁሉ አላምንም የሚል ካለ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ፣ እኔ አድርጌዋለሁ። ቀይ ስር ቀቅላችሁ ውሃውን በጨርቅ አጥሉት፣ ኬሚካል በሌለው መርጫ ውስጥ ጨምሩት። ነፋሱ በሚሄድበት በኩል በ2፣ በ5፣ በ10 እርምጃ ላይ እንጨት ተክላችሁ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። አንዴ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ በሃይል እየመታችሁ ርጩ፣ ወረቀቱን ቀይራችሁ አንዴ ደግሞ በክንድ ከፍታ በረጋ ግፊት ርጩ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የሚታየው ቀይ ነጠብጣብ እኔን ዝም አሰኝቶኛል። ወይም ደግሞ ፀሐይ ዝቅ ስትል ሌላ ሰው በውሃ እየረጨ እናንተ ፀሐዩን ፊት ለፊት አድርጋችሁ እዩት፣ ከጎን የማይታየው ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሲሄድ ይታያል።

ተጠንቅቃችሁም ጎረቤት ማሳ ከገባ አትደብቁት። በዛኑ ቀን ሄዳችሁ ምን እንደረጫችሁ ንገሩት፣ የሚበላ ቅጠል ወይም ቲማቲም ከሆነ እንዳይለቅም፣ ከብቱንም እንዳያሰማራ፣ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያም አብራችሁ ጥሩ። ሰው ላይ ከሆነ ልብሱን አውልቆ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ራስ ምታት፣ ላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ የአይን ብዥታ ከመጣ የመድሃኒቱን ጽሑፍ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሩጡ፣ ሐኪሙ ስሙን ካላወቀ ማከም ይከብደዋል።

ሲጨርሱ መርጫውን መገጭ ወስዶ መለቅለቅ የለም። ሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂት ውሃ አለቅልቁት፣ እጥበቱን እዛው የተረጨው ማሳ ላይ መልሳችሁ ርጩት፣ ዘንጉና ኖዝሉ ውስጥም እንዲያልፍ። ቱ ፎር ዲ ግን በእጥበት ሙሉ ለሙሉ አይለቅም፣ ጋኑ ላይ የቀረችው ቅሪት በጥር ቲማቲም ስትረጩ ትወጣለች፣ ያኔ ነፋስ የለ ጎረቤት የለ፣ በገዛ እጅ ነው። እኛ ቤት አሁን ሁለት መርጫ አለ፣ የፀረ አረሙ ክዳን ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ መስቀል አድርገንበታል፣ ሰው ሊዋስ ሲመጣም መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን ልትረጭ ነው ብለን ነው።